ከጉና ሥር የሚነበብ ባሕር

በክብረ ነገሥት ውስጥ ታምሪን የሚባል ባለጸጋ ነጋዴ አለ። የንግሥተ ሳባ ሰው ነው፤ 520 ግመሎችና 73 መርከቦች እንደነበሩት መጽሐፉ ይናገራል። የሰሎሞንን ጥበብ በዓይኑ አይቶ ለንግሥቲቱ ያወራላት እሱ ነው። እሱ ባይነግድ ኖሮ ንግሥቲቱ ኢየሩሳሌም ለመሄድ አትነሣም፣ ቀዳማዊ ምኒልክም አይወለድም። ወረድ ብሎ ደግሞ ምኒልክና ጓደኞቹ ታቦተ ጽዮንን ይዘው ሲመለሱ የኤርትራን ባሕር ከውኃው በላይ ከፍ ብለው ይሻገራሉ፤ ማዕበሉ እንደ ተራራ ይነሣል፣ የባሕር አራዊት ሳይቀሩ ደስታቸውን ይገልጣሉ። ደጋው ከወደዳቸው መጻሕፍት አንዱና ዋነኛው፣ እንግዲህ፣ ያለ መርከብና ያለ ባሕር የማይቆም ታሪክ ነው።

ይህን ማስቀደም ያስፈለገው ስለ ባሕር ልቦለድ ሲነሣ ብዙ ሰው ጉዳዩን የእንግሊዝና የአሜሪካ አድርጎ ስለሚተወው ነው። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ጉና ደግሞ ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ አጠገቧ ቆሟል። ከፋርጣ፣ ከጋይንት፣ ከስማዳ ወይም ከእስቴ ተነሥቶ የጨው ውኃ ዳር የደረሰ ሰው ብዙ አይደለም። ንባቡ ግን ሌላ ነገር ነው። የደቡብ ጎንደር ደጋ ባሕርን ማንበብ የጀመረው ልቦለድ የሚባለው የጽሑፍ ዓይነት ወደ አገሩ ከመግባቱ ብዙ መቶ ዓመታት ቀደም ብሎ ነው።

አካባቢው የትምህርት አገር ነው። ጋይንት ቤተልሔም በድጓው፣ ዙር አምባ በዝማሬ መዋሥዕቱ ከአራቱም ማዕዘን ተማሪ ሲጠሩ ኖረዋል። በእነዚህ ጉባኤ ቤቶች ያለፈ ሰው ዳዊቱን ሲደግም 106ኛው መዝሙር ላይ ማዕበል ያንገላታቸውን መርከበኞች ያገኛል። በጾመ ነነዌ ሦስት ቀን የዮናስን ታሪክ ይሰማል፦ የሸሸው ነቢይ፣ የሚናወጠው መርከብ፣ ዕጣ የሚጣጣሉት ባሕረተኞች፣ ጭነቱን ወደ ውኃ መወርወራቸው። ተአምረ ማርያም በመርከብ ላይ ሳሉ ስለተጨነቁ መንገደኞች ይነግረዋል። ገድለ ኤዎስጣቴዎስ ጻድቁ መጎናጸፊያቸውን በውኃው ላይ ዘርግተው ከደቀ መዛሙርታቸው ጋር ወደ አርመን እንደተሻገሩ ይተርካል፤ ኤዎስጣቴዎስ እዚያው አርመን እ.ኤ.አ. በ1352 አርፈዋል። በግዕዙ ዜና እስክንድር ደግሞ ታላቁ እስክንድር በመስተዋት ዕቃ ውስጥ ገብቶ የባሕሩን ጥልቅ ሊያይ ይወርዳል። ጁል ቨርን የካፒቴን ኔሞን ሰርጓጅ መርከብ ከመጻፉ ከስንት ዘመን በፊት መሆኑ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ግን ዘግየት ተብሎ ሊታይ የሚገባው ፊሳልጎስ ነው። ይህ ስለ እንስሳት፣ ስለ ዕፅዋትና ስለ ድንጋዮች ጠባይ የሚናገር መጽሐፍ በጥንት ዘመን ከግሪክ ወደ ግዕዝ ተመልሷል። ስለ ዓሣ ነባሪ የሚያወራው ክፍል ለብቻው የተሟላ አጭር ልቦለድ ይመስላል። ዓሣው ከግዝፈቱ የተነሣ ደሴት ይመስላል። ባሕር ሲቀዝፉ የሰነበቱ መርከበኞች መሬት አገኘን ብለው መርከባቸውን ያስሩበታል፤ ካስማ ይተክላሉ፤ ወርደው እሳት አንድደው ምግብ ያበስላሉ። ሙቀቱ ሲሰማው ዓሣው ወደ ጥልቁ ይወርዳል፤ ሰዎቹም መርከቡም አብረው ይሰጥማሉ። መጽሐፉ ይህን ተርኮ ወደ ምሥጢሩ ይሻገራል፤ በዲያብሎስ ተስፋ የሚያደርግ ሰው መጨረሻው እንዲህ ነው ይላል። ታሪኩ ብቻውን ሲነበብ ግን ድንገቱ፣ የሰዎቹ ድካም፣ እሳቱ የተነደደበት መሬት ሕይወት ያለው ሆኖ መገኘቱ ዛሬም አንባቢን ቀጥ አድርጎ ይይዛል። ያው ታሪክ በአንድ ሺህ አንድ ሌሊት የሲንድባድ የመጀመሪያ ጉዞ ላይ ተመልሶ ይመጣል። ሄርማን ሜልቪል እ.ኤ.አ. በ1851 ባሳተመው በሞቢ ዲክ መግቢያ ላይ ስለ ዓሣ ነባሪ የተጻፈውን ከየመጽሐፉ ለቃቅሞ ደርድሯል። ፊሳልጎስን የሚያውቅ የጋይንት ሊቅ ያን መጽሐፍ ቢከፍት እንግድነት አይሰማውም ነበር።

የኢትዮጵያ ክርስትና ራሱ የሚጀምረው በባሕር ታሪክ ነው። ሩፊኖስ የተባለው የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊ እንደሚተርከው፣ ፍሬምናጦስና ኤዴስዮስ የተባሉ ሁለት ወንድማማች ብላቴኖች ከአሳዳጊያቸው ከሜሮጵዮስ ጋር በመርከብ ሲጓዙ መርከባቸው ውኃና ስንቅ ለመሙላት ቀይ ባሕር ዳር ካለ አንድ ወደብ ትጠጋለች። የአገሩ ሰዎች መርከቧን ወርረው ያለውን ሁሉ ይፈጃሉ። ሁለቱ ልጆች የሚገኙት ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ትምህርታቸውን ሲያጠኑ ነው። ያዘኑላቸው ሰዎች ወደ ንጉሡ ይወስዷቸዋል፤ አንደኛው ጽዋ አሳላፊ፣ ፍሬምናጦስ ደግሞ መዝገብና ጽሕፈት ጠባቂ ይሆናል፤ በኋላም አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ተብሎ ጳጳስ ሆኖ ይመለሳል። ጥቃት የደረሰበት መርከብ፣ የሞቱ ባሕረተኞች፣ በባዕድ ዳርቻ የቀሩ ልጆች፦ ዳንኤል ዴፎ ሮቢንሰን ክሩሶን እ.ኤ.አ. በ1719 ሲጽፍ የተጠቀመበት ድርና ማግ ከዚህ ብዙም አይርቅም። ክሩሶ ግን ከወደቀበት ደሴት ዕቃ ቆጥሮ አጥር አጥሮ ሲኖር፣ ፍሬምናጦስ የሰው አገር ቋንቋ ተምሮ ሥራ ይዟል።

ደቡብ ጎንደር ደግሞ ያለ ውኃ አይደለም። ፎገራ፣ ደራና ሊቦ ከምከም ጣናን ይነካሉ። ርብና ጉማራ ከጉና ተነሥተው ጣና ይገባሉ፤ ከዚያ በዓባይ አድርጎ የጉና ዝናብ ሜዲትራኒያን ይደርሳል። በምሥራቃዊው ዳርቻ ያለው ጣና ቂርቆስ ታቦተ ጽዮን ወደ አክሱም ከመሄዷ በፊት ያረፈችበት ቦታ ነው ተብሎ ይነገራል። ስለዚህ በደራ በኩል ለሚኖር ሰው የክብረ ነገሥቱ የባሕር ጉዞ ማረፊያ በዓይን የሚታይ ደሴት ነው።

የሐይቁ መርከብ ታንኳ ናት። ደንገል ታጭዶ ይደርቃል፤ እየተነባበረ በልጥና በገመድ ይጠፈራል፤ አፍንጫዋ ወደ ላይ ቀና ይደረጋል። ቀዛፊው ረጅም ዘንግ ይዞ ይቀመጥና ግራና ቀኝ እያለዋወጠ ይገፋታል። ደንገሉ ውኃ እየጠጣ ስለሚሄድ ከሥራ መልስ ዳር ወጥታ ፀሐይ ካልሞቀች ትከብዳለች፤ ብትሞቅም ዕድሜዋ በወራት የሚቆጠር ነው። ነገደ ወይጦዎች በዚህ ሥራ የታወቁ ናቸው። ቆረሶና አምባዛ የሚያጠምደው የፎገራ ወይም የደራ ዓሣ አጥማጅ ነፋስ ሲነሣ የሚያደርገውን ያውቃል፤ ሐይቁ ከሰዓት በኋላ እንደሚከፋ ያውቃል። የኧርነስት ሄሚንግዌይን ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ሳንቲያጎን ለመረዳት ይህ በቂ ስንቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 የወጣው ያ አጭር ልቦለድ ስለ ውቅያኖስ ስፋት ብዙ አያወራም፤ ስለ ገመድ፣ ስለ እጅ ቁስል፣ ስለ ማጥመጃና ብቻውን ስለሚያወራ ሰው ነው የሚያወራው።

በዚህ አካባቢ ስለ መርከብ አጥብቀው ያሰቡ ሰው ቢኖሩ አፄ ቴዎድሮስ ናቸው። ከደብረ ታቦር ጥቂት ራቅ ብሎ ባለው ጋፋት አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችን አስቀምጠው መድፍ አስቀልጠዋል፤ ትልቁ መድፍ ሴባስቶፖል የተባለው በክሪሚያ ጦርነት በተከበበው የጥቁር ባሕር ወደብ ስም ነው። ሐኪሙ ሄንሪ ብላንክ በእስር ትዝታው እንደጻፈው ደግሞ ንጉሡ በጣና ላይ ከደንገል የተሠሩ፣ በሰው ጉልበት የሚዞር መንኮራኩር የተገጠመላቸው ትላልቅ ጀልባዎች አሠርተው ነበር። የእንፋሎት መርከብን ወሬ ሰምቶ በአገር ደንገል ለመሥራት መነሣት ለአንድ ልቦለድ ይበቃል።

ከደብረ ታቦር የተነሣው ትልቁ የባሕር ታሪክ ግን የልጃቸው ነው። ልዑል ዓለማየሁ እ.ኤ.አ. በ1861 የተወለደው እዚሁ ደብረ ታቦር ነው። ሰባት ዓመት ሲሆነው አባቱ መቅደላ ላይ ሞቱ፤ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ባሕሩ ሲወርዱ ትግራይ ውስጥ በመንገድ ላይ አረፉ። ልጁ ዙላ ሲደርስ ፌሮዝ በተባለ መርከብ ላይ አሳፈሩት፤ በስዌዝ በኩል አድርጎ በካፒቴን ስፒዲ ጠባቂነት እንግሊዝ ገባ። በ1879 ገና አሥራ ስምንት ዓመቱ እያለ ሞተ፤ ዊንድሰር ተቀበረ። የብርሃኑ ዘሪሁን የቴዎድሮስ እንባና የአቤ ጉበኛ አንድ ለእናቱ የአባቱን ዘመን በአማርኛ ልቦለድ አቁመውታል። የልጁን ታሪክ ለወጣቶች በልቦለድ የጻፈችው ግን ብሪታንያዊቷ ኤልሳቤጥ ሌርድ ናት፤ መጽሐፏ በ2012 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። ጥሩ ሥራ ነው፤ የጻፈችው ግን ለራሷ አገር አንባቢ ነው። እናቱን ከቀበረ ሳምንታት ያለፉት የሰባት ዓመት የደብረ ታቦር ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ባሕር ሲያይ፣ መርከብ ላይ ሲሳፈር፣ ከዙሪያው የሚሰማው አማርኛ እየቀነሰ ሲሄድ ምን እንደተሰማው በራሱ ቋንቋ ተጽፎ ማንበብ የዚህ አገር ሰው መብት ነው። ከዚህ የሚበልጥ ርእስ ላለው ወጣት ደራሲ ይቅናው።

የውጭ ሰዎች ባሕር አቋርጠው ወደዚህ መምጣታቸውም የራሱን ሥነ ጽሑፍ ወልዷል። ከሁሉ የሚገርመው ሰንሰለት በጄሮኒሞ ሎቦ ይጀምራል። ሎቦ እ.ኤ.አ. በ1625 የገባ ፖርቱጋላዊ ኢየሱሳዊ ነው፤ ዓባይንና የጣናን አገር አይቶ ጽፏል። ከአገር ወጥቶ ከጎዋ ወደ ፖርቱጋል ሲመለስ በ1635 መርከቡ በደቡብ አፍሪካ ምሥራቃዊ ዳርቻ ተሰበረ፤ የተረፉት ሰዎች ከጫካ እንጨት ቆርጠው ጀልባ ሠርተው ነው የወጡት። መጽሐፉን ሳሙኤል ጆንሰን ከፈረንሳይኛው ቅጂ ወደ እንግሊዝኛ መለሰው፤ በ1735 ታተመ። ጆንሰን ከሃያ አራት ዓመት በኋላ፣ እናቱ በሞተችበት ሰሞን፣ ራሴላስ የተባለ የኢትዮጵያ መስፍን ታሪክ ጻፈ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ደግሞ የብላቴን ጌታ ኅሩይ ልጅ ሲራክ ኅሩይ ያንን መጽሐፍ ወደ አማርኛ መለሰው። ጣና ዳር የተለቀመ ወሬ በሊዝበን፣ በፓሪስና በለንደን ዞሮ አማርኛ ሆኖ ተመለሰ።

ራሴላስ የባሕር መጽሐፍ ተብሎ አይታወቅም። ሆኖም የደጋ ሰው ባሕርን ሲያይ ምን እንደሚሆን እንደ እሱ የገባው መጽሐፍ ጥቂት ነው። ጥበበኛው ኢምላክ የጎጃም ነጋዴ ልጅ ነው፤ አባቱ ገንዘብ ሰጥቶ ንግድ ሲልከው ከቀይ ባሕር ወደብ ወደ ሱራት ይሳፈራል። መሬቱ ከዓይኑ ሲጠፋ ደስ የሚል ፍርሃት ይይዘዋል፤ ለዓይኑ ወሰን የለውም። ግን ብዙም ሳይቆይ ይሰለቸዋል፤ ያየውን ደግሞ ከማየት በቀር ሌላ ነገር የለም። ተራራ ለለመደ፣ በየእርምጃው ገደል፣ ሸንተረር፣ ሜዳ ለሚቀያየርበት ሰው ዓይን ይህ ትክክለኛ ምስክርነት ነው። በኋላ መስፍኑና እኅቱ ከሸለቆው አምልጠው ወደቡ ሲደርሱ ሁሉ አዲስ ሆኖባቸው ወራት ይቀመጣሉ፤ ወደ ስዌዝ ለመሳፈር ቀኑ ሲደርስ ግን ልዕልቲቱ መርከቡ ውስጥ ለመግባት እጅግ ታስቸግራለች። ጆንሰን ኢትዮጵያን አላየም። የዚያችን ሴት እግር ከመሰላሉ ላይ ያቆመው ግን በደንብ አስቦ ነው።

የመጀመሪያዎቹ የአማርኛ ደራስያን ከሞላ ጎደል ሁሉም ባሕር የተሻገሩ ናቸው፤ ሁለቱ ደግሞ የጣና ዳር ሰዎች ናቸው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የዘጌ ሰው ነው፤ ልብ ወለድ ታሪኩን እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም ላይ ያሳተመው የትውልድ ሐይቁን ትቶ ሜዲትራኒያንን ከተሻገረ በኋላ ነው። አለቃ ታዬ ገብረ ማርያም የተወለዱት እዚሁ ደቡብ ጎንደር፣ የታወቀ ገበያ በነበረው በይፋግ ነው። በልጅነታቸው ምጽዋ አጠገብ ምንኩሉ ባለው የስዊድን ሚስዮን ተማሩ፤ በ1905 እ.ኤ.አ. ጀርመን ሄደው በርሊን ላይ አስተማሩ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ በ1924 ዓ.ም. ያሳተሙት ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን ከጅቡቲ ተነሥቶ የሕንድን ውቅያኖስ አቋርጦ እስከ ጃፓን የሚያደርስ የጉዞ መጽሐፍ ነው።

ልቦለዱ ባሕሩን በምን ዓይን አየው? በአብዛኛው እንደ መንገድ። በኅሩይ አዲስ ዓለም ውስጥ አወቀ ለትምህርት አውሮፓ ሄዶ ይመለሳል፤ ደራሲው የሚጓጓው ወጣቱ ከተመለሰ በኋላ ከአባቶቹ ልማድ ጋር ለሚያደርገው ትግል ነው። የግርማቸው ተክለ ሐዋርያት አርአያም በ1941 ዓ.ም. ሲወጣ የያዘው ያንኑ ጥያቄ ነው፤ ፈረንሳይ የተማረው ወጣት ለአገሩ ምን ይሠራል? ግርማቸው ከቤቱ የሚቀዳው ነገር ነበረው። አባቱ ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ከዐድዋ ድል ማግሥት በልጅነታቸው በመርከብ ተሳፍረው ሩሲያ ሄደዋል፤ ያን ጉዞ በሕይወት ታሪካቸው ላይ ሲተርኩት ልጁ ከጻፈው ልቦለድ ይልቅ ባሕሩ ይቀርባል። ለዚህ ምክንያቱ ግልጽ ነው። ልቦለዱ የሚያስተምረው ነገር ስላለው ወደ ዳርቻው ይቸኩላል፤ ትዝታው አይቸኩልም። ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ በካየሁት ከማስታውሰው፣ ሐዲስ አለማየሁ በትዝታ ስለ ጣሊያን ግዞታቸው የጻፉትም እንዲሁ ነው። ራስ እምሩ የታሰሩት ፖንዛ ደሴት ላይ ነበር፤ ሐዲስም ወደዚያው ተወስደዋል። ዙሪያው ባሕር የሆነ እስር ቤት ለደጋ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ እነዚህን ገጾች ማንበብ ይበቃል።

በኛ ዘመን ውኃውን ራሱን የታሪኩ መድረክ ያደረገው ይስማዕከ ወርቁ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው ዴርቶጋዳ የጣናን ደሴቶችና ገዳማት ከምሥጢርና ከሳይንስ ጋር አቆራኝቶ ብዙ ወጣቶችን ወደ ንባብ መልሷል። ስለ ቋንቋው የተከራከረ ሞልቷል። ሐይቁን እንደ መልክዓ ምድር ጌጥ ሳይሆን ምሥጢር የሚደበቅበት ቦታ ማድረጉ ግን ሊደነቅ ይገባዋል።

የውጭዎቹ የባሕር ልቦለዶች ወደ ደጋው የደረሱት በሦስት መንገድ ነው። አንዱ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ነው፤ የተቀለሉት የእንግሊዝኛ ንባቦች፣ ሮቢንሰን ክሩሶና ትሬዠር አይላንድ፣ በብዙ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መደርደሪያ ላይ ነበሩ፤ ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ የመጡት የሰላም ጓድ መምህራንም እንዲነበቡ ገፍተዋል። ሁለተኛው ከአዲስ አበባ ተጭኖ የሚመጣ ትርጉም ነው። ሦስተኛው ሬዲዮ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ ፍቅር እስከ መቃብርን የተረከበት ከመጻሕፍት ዓለም መጽሐፍ መግዛት ለማይችል ቤተሰብ ሁሉ ልቦለድ አድርሷል። የባሕር ታሪክ ለጆሮ የተሠራ ነገር ነው፤ መርከበኞች በጠባብ ክፍል ተቀምጠው ሲያወጉ የተወለደ ነውና ክረምት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ቢሰማ ይስማማዋል።

ደጋና የባሕር ልቦለድ አይገናኙም የሚል ካለ ትሬዠር አይላንድ የት እንደተጸነሰ ይይ። ሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን በ1881 እ.ኤ.አ. የስኮትላንድ ደጋ ውስጥ ባለችው ብሬማር መንደር ክረምቱን ሲያሳልፍ ዝናቡ ቤት ዘጋባቸው። የእንጀራ ልጁን ለማጫወት የአንዲት ደሴት ካርታ ሣለ፤ ቀለም ቀባ፤ ከካርታው ላይ ታሪኩ ወጣ፤ በ1883 መጽሐፍ ሆነ። ጆሴፍ ኮንራድም ባሕር በሌለበት አገር፣ ዛሬ ዩክሬን ውስጥ ባለችው በርዲቺቭ በ1857 የተወለደ ፖላንዳዊ ነው። አባቱ የቪክቶር ሁጎን የባሕር ልቦለድ ወደ ፖላንድኛ ተርጉሞ ነበር፤ ልጁ ከባሕር ጋር በጽሑፍ የተዋወቀው በዚያ ትርጉም መሆኑን ራሱ ጽፏል። በአሥራ ስድስት ዓመቱ ማርሴይ ሄደ፤ ከዚያም መርከበኛ ሆነ፤ እንግሊዝኛ የተማረው ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ አነበበ፣ ቀጥሎ ሄደ፣ በመጨረሻ ጻፈ።

ለደጋ አንባቢ ከነዚህ የትኛው ይቅደም? ሜልቪል ከባድ ነው፤ የመርከብ ዕቃና የዓሣ ነባሪ አካል ዝርዝሩ ብዙ ገጽ ይወስዳል፤ ትዕግሥት ያለው ሰው ግን ይካሳል። ጁል ቨርን ቀላል ነው፤ በ1870 በተጠናቀቀው ልቦለዱ ናውቲለስ በባብ ኤል መንደብ ገብቶ ቀይ ባሕርን በውስጥ ያቋርጣል፤ ኢትዮጵያዊው አንባቢ በገዛ ጎረቤቱ ባሕር ሥር ያልፋል። ከሁሉ ይልቅ ቅርብ ሆኖ የተዘነጋው ግን የሕንድ ውቅያኖስ ነው። የዛንዚባሩ ተወላጅ አብዱልረዛቅ ጉርና እ.ኤ.አ. በ2021 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ያሳተመው ባይ ዘ ሲ የተባለው ልቦለዱ በወቅት ነፋስ ከዓረብ አገር ስለሚመጡ ነጋዴዎችና አገሩን ጥሎ ስለሄደ ሽማግሌ ነው። ታምሪን የነገደበት ዓለም ይኸው ነው። ወደ አማርኛ ለመመለስ ከብዙ የአውሮፓ መጽሐፍ ይልቅ ይህ ይቀድማል።

ባሕሩን የሚያውቁ ኢትዮጵያውያን አልጠፉም። የንጉሠ ነገሥቱ ባሕር ኃይል ምጽዋ ላይ መኮንኖች አሠልጥኗል፤ ኢትዮጵያ የተባለችው ዋና መርከቡ ቀድሞ የአሜሪካ ባሕር ኃይል የነበረች ናት፤ በ1962 እ.ኤ.አ. ተረከባት። በ1983 ዓ.ም. መርከቦቹ ወደ የመን ወጡ፤ ባሕር ኃይሉም ቆይቶ ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ ስለ ባሕር የተጻፈው አብዛኛው የፖለቲካና የሕግ ሙግት ነው፤ የዶክተር ያዕቆብ ኃይለ ማርያም አሰብ የማን ናት? ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው። አስፈላጊ መጽሐፍ ነው። ሆኖም በሌሊት ተረኛ ሆኖ መርከብ የጠበቀ የደጋ ወታደር ምን እንዳየ የሚነግረን ልቦለድ ነው። እነዚያ ሰዎች ዛሬ አርጅተዋል፤ ጊዜው አጭር ነው።

አዲስ ትውልድ ደግሞ ተተክቷል። እ.ኤ.አ. በ2011 ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ከውጭ አጋር ጋር የባሕረኞች ማሠልጠኛ ጀመረ። የሜካኒካልና የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተመራቂዎች ሠልጥነው በዓለም አቀፍ የንግድ መርከቦች ሞተር ክፍል ይቀጠራሉ፤ ጣና ዳር ካደጉ፣ ጉና ሥር ከተማሩ ልጆች መካከል ወራት ሙሉ መሬት ሳያዩ የሚከርሙ አሉ። የኢትዮጵያ የንግድ መርከቦችም የአገር ከተሞችን ስም ይዘው ይዞራሉ፤ ባሕር ዳር የተባለች ነዳጅ ጫኝ ከነዚያ አንዷ ነበረች። በሌላ ወገን ከዚሁ ደጋ ተነሥተው ጅቡቲ ወርደው ከኦቦክ በትንሽ ጀልባ ወደ የመን የሚሻገሩ ወጣቶች አሉ። ሁለቱም ባሕሩን የሚያውቁት በከፈሉት ዋጋ ነው።

ለሁለቱም የሚሆን አንድ መጽሐፍ አለ፤ ኮንራድ በ1902 ያሳተመው ታይፉን። መርከቧ ናን ሻን የምትባል በእንፋሎት የምትሄድ ናት። በሆዷ ሁለት መቶ ቻይናውያን ሠራተኞች ጭናለች፤ ዓመታት በሰው አገር ለፍተው ያጠራቀሙትን የብር ገንዘብ በየሳጥናቸው ይዘው ወደ ቤታቸው እየተመለሱ ነው። ዐውሎ ነፋሱ ሲመታቸው ሳጥኖቹ ይሰበራሉ፤ ገንዘቡ ይበተናል፤ ሰዎቹ በጨለማው ውስጥ እየተንከባለሉ ለገዛ ላባቸው ይተናነቃሉ። ከታች ዋናው መሐንዲስ ሰለሞን ራውት ሞተሩ እንዳይቆም ከእንፋሎቱ ጋር ይታገላል፤ ለሚስቱ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ነው። ካፒቴን ማክዊር ቃል የሚያጥረው፣ መጽሐፍ የማይወድ፣ ግትር ሰው ነው። ማዕበሉ ሲያልፍ የማን ገንዘብ የማን እንደሆነ መለየት አይቻልም፤ ለባለሥልጣን ቢሰጥ ባለቤቶቹ ጋ እንደማይደርስ ያውቃል። ስለዚህ ሁሉን አስለቅሞ ለሁሉም እኩል ያካፍላል። ሦስት ብር ይተርፋል፤ ከሁሉ የባሰ ለተጎዱት ሦስት ሰዎች አንዳንድ ይሰጣቸዋል።